ከልብስ ሰፊ ቁርጥራጭ ብርድ ልብስ፦ ሰፍቶ ለመለገስ ዝርዝር መመሪያ

የሰሜን ሸዋ ደጋ ብርድ ምሕረት የለውም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ጣርማ በር ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። «በጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለው ያለ ነገር አይደለም። ከጥቅምት እስከ ጥር ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ጠዋት ስትወጡ ሣሩ ላይ አመዳይ ታያላችሁ። በዚህ ብርድ ስስ ነጠላ ደርቦ የሚያድር ሰው አለ። በየልብስ ሰፊው ቤት ጥግ ደግሞ ቁርጥራጭ ጨርቅ በማዳበሪያ ታጭቆ የሚጥለው ይጠብቃል። ጉዳያችን ሁለቱን ማገናኘት ነው።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። የምንሰፋው ድሪቶ አይደለም። «ለተቸገረ ሰው ምን አነሰው» የሚል አነጋገር አለ፤ እኔ አልወደውም። እንግዳ በሚመጣበት ቀን የራሳችሁ አልጋ ላይ የማታነጥፉትን ለሌላ ሰው አትስጡ። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የመጣው ከዚህ ነው፤ ቀለሙ የሚያምር፣ ስፌቱ የማይተረተር፣ ታጥቦም መልኩን የማይቀይር ብርድ ልብስ እንዲሆን።

ጨርቁን ማሰባሰብ

መጀመሪያ ልብስ ሰፊዎች ጋ ሂዱ። ባዶ ማዳበሪያ ይዛችሁ «ጋሼ፣ ቁርጥራጭ ካለ አይጣሉብኝ፣ ቅዳሜ እየመጣሁ እወስዳለሁ» ማለት ይበቃል። ብዙዎቹ ደስ ይላቸዋል፤ ቤታቸው ይጸዳላቸዋል። ዋናው ነገር በተባለው ቀን መሄድ ነው፤ ሁለት ሳምንት ከቀራችሁ ለማገዶ ማቀጣጠያ ይሆናል።

ወቅቱንም እወቁ። ነሐሴና መስከረም የዩኒፎርም ሥራ የሚበዛበት ጊዜ ስለሆነ ሰማያዊ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ ቴትሮን (ፖሊስተር የተቀላቀለበት ጨርቅ) እንደልብ ይገኛል። ጠንካራ ነው፣ ቶሎ አያልቅም፤ ግን ብቻውን ከሆነ ብርድ ልብሱ የትምህርት ቤት ሰልፍ ይመስላል። ለገናና ለጥምቀት የሐበሻ ልብስ ሲሰፋ ደግሞ የጥለት ቁራጭ ይገኛል። ያምራል፤ ነገር ግን ሽመናው ላላ ያለ ስለሆነ ጠርዙ እየተፈታ ያስቸግራል። ጥለት ስትጠቀሙ ከሥሩ አቡጀዲ ደርባችሁ አንድ ላይ ስፉት።

ከቤትም ይወጣል። ክንዱ ያለቀ ሸሚዝ፣ የልጅ ቀሚስ፣ መሐሉ የሳሳ አንሶላ። አንሶላ የሚሳሳው መሐሉ ላይ ስለሆነ ዳርና ዳሩ ብዙ ጊዜ ደህና ነው። ጨርቁን ወደ መስኮት አንሱና በብርሃን እዩት። ክሩ ተለያይቶ ብርሃን እንደ ወንፊት የሚያሳልፍ ከሆነ ተዉት፤ እሱ ለመወልወያ ነው።

የማልወስደውን ልንገራችሁ። የሚለጠጥ ጨርቅ፣ ሹራብ፣ የሚያንሸራትት ገበር፣ የፓርቲ ወይም የድርጅት ጽሑፍ ያለበት ቲሸርት። የመጨረሻው ላይ ብዙ ሰው ይከራከረኛል፤ ግን የሰው መኝታ የማስታወቂያ ሰሌዳ መሆን የለበትም። የሃይማኖት ምልክትም ባይኖር ይሻላል፤ አካባቢያችን ክርስቲያንም ሙስሊምም ያለበት ነው፣ ማን እጅ እንደሚደርስ ቀድማችሁ አታውቁም።

ጥጥ ነው ወይስ ፖሊስተር?

ይህን የሚያልፈው ብዙ ነው፤ እኔ ግን ረጋ ብዬ ልናገረው። በገጠር ብዙ ቤት ምድጃው ከመኝታው እምብዛም አይርቅም። ሰውም ሲበርደው እሳት ዳር ይተኛል። ፖሊስተር ላይ ፍንጣሪ ሲያርፍ ይቀልጣል፤ የቀለጠው ደግሞ ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ጥጥም ይቃጠላል፣ ግን ቀልጦ ሰውነት ላይ አይጣበቅም። ሱፍ ከሁለቱም ይሻላል፣ በቀላሉ እሳት አይይዝም። ስለዚህ ገጠር ለሚሄድ ብርድ ልብስ ጥጡን ምረጡ፤ ቴትሮኑንና ሌላውን ቅልቅል ከተማ ውስጥ፣ እሳት በሌለበት ክፍል ለሚያድር ሰው አድርጉት።

ለመለየት የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ቁራጭ በመቆንጠጫ ይዛችሁ ክብሪት አስነኳት። ከታች ውሃ ያለበት ጣሳ አስቀምጡ፣ ከቤት ውጭም ይሁን፣ ልጆችም አይጠጉ። ጥጥ እንደ ወረቀት ነድዶ፣ የተቃጠለ ወረቀት ሸትቶ፣ ጣት ሲነካው የሚበን ግራጫ አመድ ይተዋል። ፖሊስተር ይሸሻል፣ ይኮማተራል፣ ሲቀዘቅዝ ጠንካራ ጥቁር እንክብል ይሆናል። ቅልቅሉ ሁለቱንም ያደርጋል፤ ከነደደ በኋላ አመዱ ውስጥ ጠጠር ነገር ከዳበሳችሁ ፖሊስተር አለበት።

ማጠብና መተኮስ

ሁሉም ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት ይታጠባል። አዲስም ቢሆን። ጥጥ ሲታጠብ ይሰበሰባል፤ አንዱ ቁራጭ ተሰብስቦ ጎረቤቱ ካልተሰበሰበ ብርድ ልብሱ ያብጣል፣ ይጨማደዳል። ቀይ፣ ጥቁር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ለብቻ ይዘፈዘፉ። ከዚያ ነጭ እርጥብ ጨርቅ አምጡና ቀዩን አጥብቃችሁ እሹት። ነጩ ከቀላ ድገሙ። ከሦስት እጥበት በኋላም የሚለቅ ከሆነ አትጠቀሙበት። ጨው ያስይዘዋል የሚሉ አሉ፤ የሚለቅ ቀለም በጨው አይቆምም፣ ጨዋችሁን ለወጥ አድርጉት።

ደርቆ ሲመጣ ተኩሱ። በከሰል ካውያ የምትተኩሱ ከሆነ መጀመሪያ አመዱን ከደጅ አራግፉ፣ የካውያውን ሆድም በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ። ቴትሮን ላይ ሌላ የጥጥ ጨርቅ ጣል አድርጋችሁ ከላይ ተኩሱ፤ ቀጥታ ከሆነ ያብለጨልጫል ወይም ይጣበቃል።

ልክ

ቁርጥራጭ ሲባል እንደመጣለት መስፋት የሚመስለው አለ። አይደለም። አንድ ልክ ያዙ፣ ሕይወት ይቀልላል።

ከጠንካራ ካርቶን፣ ካገኛችሁ ደግሞ ከኮምፔልሳቶ፣ 17 በ17 ሴንቲ ሜትር ካሬ አስቆርጡ። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ትርፍ ስለሚሄድ ተሰፍቶ የሚቀረው 15 በ15 ነው። ካሬዋን ጨርቁ ላይ አስቀምጡና ዙሪያዋን በሳሙና ስባሪ አስምሩ። ልብስ ሰፊዎች የሚያደርጉት ነው፤ ሳሙና ይታጠባል፣ እስክሪብቶ አይለቅም። ስታስቀምጡ የካሬዋ ጎን ከጨርቁ ድር ጋር ይሂድ። በሰያፍ የተቆረጠ ጨርቅ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ካሬነቱንም ያጣል።

ለአዋቂ 10 ወደ ጎን፣ 13 ወደ ታች፤ በድምሩ 130 ካሬ። ሲያልቅ 150 በ195 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ለልጅ 7 በ9፣ ማለትም 63 ካሬ፤ 105 በ135 ይወጣዋል። ለአራስ 6 በ6 በቂ ነው፣ 36 ካሬ። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሰፉ ከሆነ በአራስ ጀምሩ፤ ቶሎ ያልቃል፣ ወኔ ይሰጣል።

እሺ፣ 17 የማይሞላውስ? ከልብስ ሰፊ የሚመጣው አብዛኛው እኮ ቀጭን ዘለላ፣ ማለትም ረዘም ያለ ብጣሽ ነው። እሱም አይጣልም። ከአሮጌ አንሶላ 18 በ18 ካሬ ቁረጡ፤ ይህ መሠረት ነው። አንዱን ዘለላ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ አጋድሙት። ሁለተኛውን ዘለላ ፊቱን ወደ ታች፣ ጠርዙን ከመጀመሪያው ጠርዝ ጋር ገጥማችሁ ከላይ አስቀምጡና ሦስቱንም አንድ ላይ ስፉ። ሁለተኛውን ገልብጡት፣ በካውያ ተጫኑት። ሦስተኛውን እንደዚያው። መሠረቱ እስኪሸፈን በሁለቱም ወገን ቀጥሉ፤ ከዚያ በካርቶናችሁ ለክታችሁ 17 በ17 አድርጉና ዙሪያውን ከርክሙት። እንዲህ የተሠሩ አራት ካሬዎች መስመሮቻቸው መሐል ላይ እንዲገናኙ ስትገጥሙ ዕንቊ ቅርጽ ይወጣል። እኔ ከሁሉም አስበልጬ የምወደው ይህን ነው፤ ጣት የምታህል ስፋት ያላት ቀይ ዘለላ እንኳ ቦታ ታገኛለች።

ቀለሙን ማሰናዳት

ካሬዎቹን መሬት ላይ ዘርጓቸው፤ ከሥር ንጹሕ አንሶላ ይነጠፍ። ደንቡ አንድ ነው፦ ጥቁረት ያለው ከፈካው ጎን። ቀይ ከአረንጓዴ ይሂድ ቢጫ ከሐምራዊ፣ እሱ የእናንተ ምርጫ ነው፤ ጥልቅና ፈዛዛ ካልተፈራረቁ ግን ከሩቅ ሲታይ ሁሉም ደብዝዞ አንድ ይሆናል። ዓይን አንዳንዴ ያታልላል። ስለዚህ በርጩማ ላይ ወጥታችሁ በስልክ ፎቶ አንሱና ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርጉት። አንድ ጥግ ጠቁሮ ሌላው ነጥቶ ከታያችሁ አቀያይሩ። ዩኒፎርሙን አበታትኑት፣ አበባ ያለበትን ደግሞ ከልሙጡ አጠገብ አድርጉት። ካላማራችሁ እንዳለ ትታችሁ ቡና አፍሉ፣ ተመልሳችሁ ስታዩት የሚያስጠላው ካሬ ራሱ ይናገራል።

ሲያልቅ የየረድፉን ካሬዎች በቅደም ተከተል ደራርባችሁ በእስፒል ያዙ፤ ከላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ይኑር። ልጅ ወይም ድመት ባለበት ቤት ይህን ያልሠራ ያዝናል።

መገጣጠም

የእግር ስንጀር የስፌት መኪና ካላችሁ በቂ ነው፤ ከእሱ የተሻለ ቀጥ ያለ ስፌት የሚሰፋ ብዙ አላየሁም። ለተራ ጥጥ 90 ቁጥር መርፌ፣ ለጂንስና ለካኪ 100 ቁጥር። የስፌቱ ርዝመት 2.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሁን። ክሩ የማይበጠስ ይሁን፤ መስፋት ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት እጅ ጎትታችሁ ሞክሩት። መኪና ከሌላችሁ በእጅም ይሰፋል፣ ስፌቱ ይጥበቅ፣ በየጥቂቱም ወደ ኋላ መለስ እያላችሁ አጽኑት።

ሁለት ካሬ ፊት ለፊት ግጠሙ፣ 1 ሴንቲ ሜትር ገባ ብላችሁ ስፉ። መኪናው ጠረጴዛ ላይ ከመርፌው 1 ሴንቲ ሜትር ርቆ ፕላስተር ለጥፉ፤ የጨርቁ ጠርዝ እሱን እየታከከ ከሄደ ትርፉ አይዛባም። አንድ ረድፍ እንዲህ ይያያዝ፣ ከዚያ ሌላው።

ረድፎቹን ከማያያዛችሁ በፊት ካውያ። የመጀመሪያው ረድፍ ትርፎች ሁሉ ወደ ቀኝ ይተኙ፣ የሁለተኛው ወደ ግራ፣ የሦስተኛው ወደ ቀኝ። ለምን? ሁለቱን ረድፎች ስትገጥሙ ትርፎቹ በተቃራኒ ስለሚተኙ አንዱ ከሌላው ጎን ይቆለፋል፤ ማዕዘኖቹ ልክ ይገጥማሉ፣ አንድ ቦታም አራት ድርብ አይከመርም። በጣት ስትዳብሱት ቅርቅር ሲል ይሰማችኋል። እዚያ ላይ እስፒል ውጉና ስፉ። ማዕዘን ላይ ትንሽ ካልገጠመ፣ ከሁለት ሚሊ ሜትር በታች ከሆነ እለፉት። ከዚያ ከበለጠ ምላጭ አምጡና ፍቱት።

መሐሉና ጀርባው

ብርድ ልብሱ ሦስት ድርብ ነው፦ የሰፋችሁት ፊት፣ መሐልና ጀርባ፤ ሙቀቱ ያለው መሐሉ ላይ ነው። ምርጡ አሮጌ ብርድ ልብስ ነው። እዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ ምርት በብዙ ቤት አለ፤ ዳሩ የተቀዳደደ፣ መሐሉ ግን ደህና የሆነ ጎረቤት ቤት አይጠፋም። ሁለት ቁራጭ መቀጠል ካስፈለገ አትደራርቧቸው፤ ጠርዝ ለጠርዝ አገናኝታችሁ በሰፊ ስፌት አያይዟቸው፣ አለበለዚያ ተኝተውበት የሚቆረቁር ገመድ ይሆናል። አሮጌ ጋቢም ጥሩ ነው፤ ድርብርብ ስለሆነ ሙቀት ይይዛል። ልቅ ጥጥ መሙላት ግን አይመከርም፤ አንዴ ሲታጠብ ጥግ ላይ ተጠቅልሎ ይቀራል። የመንዝ በግ ፀጉር ስላለ እሱን ልሙላ የሚል ካለ፣ በደንብ ካልታጠበ ይሸታል፣ ሲታጠብም ይተበተባል፤ ፀጉሩን የሱፍ መደረቢያ ለሚሠሩት፣ ለባና እና ለዝተት ሠሪዎች ተዉላቸው፣ እነሱ ያውቁበታል።

ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ለሚሄድ ብርድ ልብስ መሐል አያስፈልግም። ቆላ ነው፤ ፊትና ጀርባ ብቻ ይበቃዋል።

ጀርባው አቡጀዲ ወይም ደህና አንሶላ ይሁን። ለአዋቂው 160 በ205 ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። የአንዱ ጨርቅ ስፋት ካልበቃ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ግጠሙ። ጀርባውን ፊቱን ወደ መሬት አድርጋችሁ ዘርጉ፣ አራቱን ማዕዘን በድንጋይ ወይም በፕላስተር ያዙት፤ ይወጠር፣ ግን አይለጠጥ። መሐሉን ከላይ፣ ከዚያ የቀለም ሥራችሁን ፊቱን ወደ ላይ። ከመሐል ወደ ዳር በመዳፍ እያሻሻችሁ ጨማዳውን አውጡ። ቀጥሎ ረጅም ረጅም አድርጋችሁ በእጅ ሸልሉት፤ በየመዳፍ ስፋቱ አንድ መስመር። ይህ ስፌት በኋላ ይወጣል፤ ግን ከተዘለለ ሦስቱ ድርብ እርስ በርሱ ይንሸራተታል፣ ጀርባው ላይም እጥፋት ይፈጠራል።

ማሰር

ሦስት ድርብ በእግር መኪና መስፋት ይቻላል፤ ይከብዳል እንጂ። እኔ የምመክረው ማሰርን ነው። ወፍራም የጥጥ ወይም የሱፍ ክርና ዓይኑ ሰፊ የሆነ ትልቅ መርፌ ያዙ። አራት ካሬ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ ከላይ ውጉ፣ ወደ ታች ይውጣ፣ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ራቅ ብሎ ወደ ላይ ይመለስ። በዚያው ቦታ አንዴ ድገሙት። ከዚያ ሁለቱን ጫፍ ቀኝ በግራ ላይ፣ ቀጥሎ ግራ በቀኝ ላይ አድርጋችሁ ቋጥሩ። ሁለቱንም ጊዜ በአንድ አቅጣጫ የቋጠራችሁት ሲታጠብ ይፈታል፤ ትክክለኛው ሲጎተት ይባስ ይጠብቃል። ጫፉን 2 ሴንቲ ሜትር አስቀርታችሁ ቁረጡ። ካሬያችን 15 ስለሆነ ቋጠሮው በየ15 ሴንቲ ሜትር ይመጣል፤ መሐሉ ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ከሆነ ይበቃዋል። ለአራስ የሚሰፋ ከሆነ ግን ክሩን አታስረዝሙ፤ ጣት ላይ እንዳይጠመጠም ቋጠሮው በጀርባ በኩል ይሁንና ጫፉ አጭር ይቀር፣ ወይም ጭራሽ አትቋጥሩት፣ በቀጥታ ስፉት።

ዳሩ ቀላል ነው። የተረፈውን 5 ሴንቲ ሜትር ጀርባ ግማሹን ወደ ውስጥ እጠፉ፣ ጠርዙ ከመሐሉ ጫፍ ጋር ይገናኝ። እንደገና ወደ ፊት እጠፉት፣ በእስፒል ያዙ፣ ዙሪያውን ስፉ። ማዕዘኖቹ ላይ አንዱ ጎን ካለቀ በኋላ ሌላውን ከላይ ደርቡት፣ በእጅም አጽኑት። ብርድ ልብስ የሚያልቀው ከዳሩ ነው፤ ስለዚህ ዙሪያውን ሁለት ጊዜ ስፉት። ከዚያ የሸለላችሁትን ክር ምዘዙት።

ሥራው ለአንድ ሰው ብዙ ነው፣ አልዋሽም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ የእድር ሴቶች ወይም የጽዋ ማኅበር ካላችሁ አካፍሉት፦ አንዷ ትቁረጥ፣ አንዷ ትተኩስ፣ ዓይኗ የደከመ እናት ቀለም ታሰናዳ፣ መኪና ያላት ትስፋ። ማሰሩ ደግሞ በቡና ሰዓት ወሬ እየተወራ የሚሠራ ነው። ክረምት ላይ ከተጀመረ ለጥቅምት ይደርሳል።

ከመስጠታችሁ በፊት

አጥቡት፣ በፀሐይ አድርቁት። ይህ ፈተናው ነው፤ የሚተረተር ስፌት እዚህ ይታያል። መዳፋችሁን በሁሉም ቦታ አሳልፉ፣ የተረሳ እስፒል ካለ ይውጣ። እስፒሎቻችሁን ስትጀምሩ ከቆጠራችሁ ስታበቁ ማረጋገጥ ቀላል ነው።

ከዚያ ጠይቁ። ሳይጠይቁ ይዞ መሄድ የለም። አረጋውያን የሚጦሩበት ቦታ፣ የተፈናቀሉ ወገኖች ያሉበት መጠለያ፣ ቀበሌ፣ ሰበካ ጉባኤ፣ መስጊድ፣ ቀይ መስቀል፤ ለሁሉም ጥያቄው አንድ ነው፦ ስንት ትፈልጋላችሁ፣ ለአዋቂ ነው ለልጅ፣ ያገለገለ ጨርቅ ያለበትን ትቀበላላችሁ? ሐኪም ቤት ከሆነ አስተጣጠባቸውንም ጠይቁ፤ በበረኪና የሚዘፈዝፉ ከሆነ ቀለማችሁ ሁሉ ይነጣል፣ ስለዚህ ነጣ ነጣ ያለውን ስጧቸው። አንድ ቤት ውስጥ ሦስት ልጆች ካሉ ለአንዱ ብቻ አትስጡ፤ ጠብ ነው የምታስገቡት።

ሲሰጥ ካሜራ አይኑር። የብርድ ልብሱን ፎቶ ቤታችሁ ገመድ ላይ ተሰቅሎ አንሱት፣ የፈለጋችሁትን ያህል ለጥፉት። የተቀባዩን ፊት ግን ተዉት። አጣጥፋችሁ፣ ልኩን በወረቀት ጽፋችሁ፣ እንደ ማንኛውም ስጦታ «በሙቀት ያሳድርዎ» ብላችሁ ስጡ።

ለካሬም ለዘለላም ያልሆነ ፍርፋሪ ጨርቅ ይተርፋችኋል። በመቀስ ደቀቅ አድርጋችሁ የትራስ ልብስ ውስጥ ሙሉት። ሁለት ድርብ ልብስ ይሁን፣ አፉ ይሰፋ። ሲሞላ ጠንከር ስለሚል ለአልጋ ትራስ ብዙም አይመችም፤ ለመደብ መቀመጫ ግን ልክ ነው።